ስራ ስትፈልጉ ታሪካችሁን ጉራ ሳይመስል እንዴት ትናገራላችሁ

ኢንተርቪው ላይ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «እስቲ ስለራስሽ ንገሪን» ነው። ብዙ ሰው ደሞ እዚችው ላይ ነው የሚበላሽበት፣ ምክንያቱም ሲቪው ላይ ያለውን መልሶ ያነበንበዋል፣ ስሜ እንዲህ ነው፣ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዓመት ተመረቅኩ፣ ጂፒኤዬ ይሄን ያህል ነው፣ ሃርድ ወርኪንግ ነኝ፣ ቲም ፕሌየር ነኝ ምናምን። ሲቪው'ኮ ጠያቂዎቹ ፊት ተቀምጧል፣ ይቺን ቲም ፕሌየር የምትባል ነገር ደሞ ከጠዋት ጀምሮ ከገባው ሰው ሁሉ ሲሰሟት ነው የዋሉት።

ነገሩ ይገባኛል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ራስን ማወደስ ነውር ነው እየተባልን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ስለራሳችሁ ተናገሩ ስንባል ወይ እንሽኮረመማለን ወይ የሸመደድነውን እንግሊዝኛ እንደረድራለን። ታሪክ መናገር ከሁለቱም ያወጣል። «ጠንቃቃ ነኝ» ስትሉ ጉራ ነው፣ የሰራችሁትን አንድ ነገር በደንብ ስትናገሩ ግን ጠንቃቃ መሆናችሁን እነሱ ራሳቸው ይደርሱበታል።

«ልምድ የለኝም፣ ምን ታሪክ አለኝ» ለምትሉ አዲስ ተመራቂዎች አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ አለች እንበል፣ ዜሮ ዓመት ልምድ፣ ግን የእናቷን እቁብ ደብተር የምትይዘው እሷ ናት። ሲቪዋ ላይ አንድም ቦታ አልጻፈችውም፣ የሰፈር ነገር ነው ብላ። እንዲህ ብትናገረው ግን አስቡት፦

«የእናቴ እቁብ 30 አባል አለው፣ በሳምንት 500 ብር ይጣላል። ከፍያለሁ አልከፈልሽም የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም ነበር። ደብተሩን ተረክቤ ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት፣ ብር በተሰበሰበ ቀን ማታ የከፈለውን ያልከፈለውን ቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። አንድ እሁድ 15,000 መሆን የነበረበት 14,500 ሆነ፣ መዝገቡን ወደኋላ ሳየው አንዷ አባል ባለፈው ሳምንት የሁለት ሳምንቱን አንድ ላይ ከፍላ ነበር፣ እዛው ተፈታ።»

ይሄ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ሂሳብ ማመሳከር እንደምትችል፣ ሰው ሲጨቃጨቅ መላ እንደምትፈልግ፣ በብር እንደምትታመን አንዱንም በአፏ ሳትል ነግራቸዋለች። ብዙ ኤንጂኦዎችና የተባበሩት መንግስታት ድርጅቶች «እንዲህ አይነት ችግር ገጥሞህ ያውቃል? ምን አደረግክ?» እያሉ ሲጠይቁ የሚፈልጉት እንዲህ አይነቱን መልስ ነው፣ ስታር የሚባለው ዘዴም ይሄው ነው፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ውጤት መጣ። ብዙ ሰው ሁኔታውን ሲያብራራ ጊዜው ያልቅበታል፣ እናንተ ግን ሁኔታውን በሁለት አረፍተ ነገር ጨርሱትና ያደረጋችሁት ላይ ቆዩ። «እኛ ሰራን፣ እኛ አደረግን» የምትለዋንም ተጠንቀቁ፣ ትህትና ነው፣ ግን ጠያቂው አንተ ምን እንደሰራህ ሳያውቅ ትወጣለህ። ስራው የቡድን ከሆነ «ቡድኑ ይሄን ሰራ፣ የኔ ድርሻ ይቺ ነበረች» ማለት ይበቃል።

ታሪክ ሁሉንም በር አይከፍትም፣ ይሄንንም ልንገራችሁ። ባንክና መንግስት መስሪያ ቤት ብዙ ጊዜ በጂፒኤና በጽሁፍ ፈተና ነው መጀመሪያ የሚያጣሩት፣ ስለዚህ ፈተናውን ትታችሁ ታሪክ ስታሳምሩ እንዳትከርሙ።

ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ ከሆነ መጀመሪያ በአማርኛ ለሰው አውሩት፣ ከዛ በአጫጭር እንግሊዝኛ አስቀምጡት። በእንግሊዝኛ ስትጀምሩ ያላችሁን ሳይሆን የምትችሉትን ቃል ብቻ ነው የምትናገሩት፣ ታሪኩ እዛው ይሞታል።

ከአረብ አገር ለተመለሳችሁ እህቶች ደሞ ለብቻ አንድ ነገር አለኝ። እነዛን ዓመታት ከሲቪያችሁ ላይ አትሰርዟቸው እባካችሁ። የማታውቁት አገር ሄዳችሁ አረብኛ በጆሮ ተምራችሁ፣ የሰው ልጅ አሳድጋችሁ፣ ትልቅ ቤት አስተዳድራችሁ ነው የመጣችሁት። ሆቴል፣ ትራቭል ኤጀንሲ፣ አስመጪ ጋር ስትገቡ አረብኛችሁ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ የተፈጠረ ችግር እንዴት እንደፈታችሁት ብትነግሯቸው ደሞ ስለ ኃላፊነት ሌላ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

ሊንክድኢን (የስራ ሶሻል ሚዲያው) ላይ ስትመጡ ስማችሁ ስር ያለችው ሄድላይን የምትባለዋ ቦታ 220 ፊደል ብቻ ናት የምትይዘው፣ «ስራ እየፈለግኩ ነው» በሚል አትጨርሷት፣ ምን መስራት እንደምትችሉ ጻፉባት። ስለራሳችሁ የምትጽፉበት አባውት የሚለው እስከ 2,600 ፊደል ይይዛል ግን ሰው ካልከፈተው በስተቀር የሚታየው የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ናቸው፣ ስለዚህ ታሪካችሁን ከነሱ ጀምሩ። ፖስት ስታደርጉም በየቀኑ የሞቲቬሽን ጥቅስ ከምትለጥፉ የሰራችሁትን አሳዩ፣ ለምሳሌ ያቺ ልጅ የእቁቡን ኤክሴል የአባላቱን ስም ሸፍና ስክሪንሹት ብትለጥፍና እንዴት እንደሰራችው በአማርኛ ብታስረዳ፣ ነገ አካውንታንት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምትታወሰው እሷ ናት።

ታሪኩ እውነት ይሁን ብቻ። የሌለ ነገር የፈጠረ ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይያዛል፣ «ስንት ሰው ነበራችሁ? ማን ፈቀደ?» ሲባል ይንተባተባል፣ ሪፈረንስ የሰጣችሁትም ሰው ይደወልለታል። የድሮ አለቃችሁንም እንዳታሙ፣ ጥፋቱ የሱ ቢሆን እንኳን ሰሚው ነገ እኔንም ያማኛል ነው የሚለው።

ሶስት አራት ታሪክ ካዘጋጃችሁ በቮይስ ቅዱትና እውነቱን ለሚነግራችሁ ጓደኛ በቴሌግራም ላኩለት፣ ግን «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ በማግስቱ ደውላችሁ ምን እንዳስታወሰ ጠይቁት። ያደረጋችሁትን ነገር ከነገራችሁ ጥሩ ነው። «አሪፍ ነው፣ ጎበዝ ነሽ» ብቻ ካለ ግን ታሪኩ ውስጥ እናንተ ያደረጋችሁት ቦታ ገና አልጠራም ማለት ነው፣ እሱን ክፍል እንደገና ቅዱት።