በወንድሜ ዕዳ እኔ ላይ የሚደወለው ስልክ እንዴት እንደቆመ

ብድሩ የወንድሜ ነው። ዋስ አልሆንኩም፣ የፈረምኩትም ወረቀት የለም። ሲበደር ግን «ተጠሪ» በሚለው ቦታ የእኔን ስልክ ሞልቶ ኖሯል።

ዕዳ ሰብሳቢዎቹ የሚደውሉበትን ቁጥር ብሎክ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ በሌላ ቁጥር ይመጣሉ። የሠራልኝ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ሲደውሉ ሳልቆጣ የደዋዩን ስም፣ የድርጅቱን ስምና ኢሜይል ጠየቅኩ። «መጀመሪያ ወንድምህ የት ነው ያለው?» አለኝ። አልመለስኩለትም፤ ሰው ፈልጎ ማግኘት የእሱ እንጀራ ነው። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ላክሁ፦ «ተበዳሪም ዋስም አይደለሁም። ይህን ቁጥር ከመዝገባችሁ ሰርዙ። ከዚህ በኋላ ብትደውሉ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል አቤት እላለሁ።» የጥሪዎቹን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ስክሪንሾትም አያያዝኩበት። ወንድሜም በበኩሉ ትክክለኛ ስልኩን ሰጥቶ የእኔን እንዲያወጡ ጻፈላቸው፤ እውነቱን ለመናገር ሥራውን የሠራው የእሱ ይመስለኛል። ጥሪው ቆመ።

«ለጊዜው ትንሽ ክፈልና እንተውህ» ቢሏችሁ ግን እሺ እንዳትሉ። አንዴ ከፋይ ያገኘ ማን ይለቃል? ደዋዩ ጭራሽ አጭበርባሪ ሊሆንም ይችላል፤ ዕዳው እውነት መሆኑን ወንድሜ ያረጋገጠው ራሱ አበዳሪው ጋ ደውሎ ነው።