ግራኝ ሆኖ ትዝታን በኦፕን ጂ
ግራኝ ነኝ። የመጀመሪያ ጊታሬ የቀኝ ስለነበር ክሮቹን ገልብጬ አሰርኳቸው። ክሮቹ የሚያርፉባትን ነት ካልቀየራችሁ ግን ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ቦይ አይገባም።

ኦፕን ጂ ባዶ ክሮቹ ሲመቱ የጂ ኮርድ የሚሰጥ የጊታር ቅኝት ነው። ለዚህም ስድስተኛውን (ወፍራሙን) እና አንደኛውን (ቀጭኑን) ክር ወደ ዲ፣ አምስተኛውን ወደ ጂ አውርዱ። ሌላውን አትንኩ። ትዝታ ሜጀር ከአምስተኛው ክር ይነሳል፦ ባዶውን (በጣት ሳትጫኑ)፣ 2ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት ዘንግ)፣ 4ኛ ፍሬት። አራተኛው ክር ላይ ባዶውን፣ ከዚያ 2ኛ ፍሬት። ሦስተኛውን ባዶውን ስትመቱ ጂ ላይ ተመለሳችሁ። ባዶ ክሮቹ ሁሉ የትዝታ ድምፆች ናቸው፤ ጣት ቢስትም ብዙ አያሳፍርም።

ለትዝታ ማይነር 4ኛው ፍሬት 3ኛ፣ አራተኛው ክር ላይ ያለው 2ኛ ደግሞ 1ኛ ይሆናል። ሁለተኛውን ክርም ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉት። እኔ ይህን ረስቼ ሳምንት ሙሉ ጆሮዬን ስጠራጠር ከረምኩ።

የኮርድ ሥዕል (ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳየውን) በመስታወት እንደሚታይ ገልብጣችሁ አንብቡ። ታብ (የትኛው ክር በስንተኛው ፍሬት እንደሚያዝ በቁጥር የሚጻፍበትን) ግን እንዳትገለብጡ፤ ቁጥሩ ለግራኝም ያው ነው።