«ሉዝ» ወይስ «ሉስ»? በአንዲት ‹ኦ› የሚመጣ ስህተት

ምልክቱ፦ ፓስፖርትዎ እንደጠፋ ወይም ክብደት መቀነስ እንደሚፈልጉ በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። ኮምፒዩተሩ ቀይ መስመር አላሰመረም፤ አንባቢው ግን ግር ይለዋል። «መቀነስ» ሊሉ ፈልገው «የላላ» ብለው ጽፈዋልና። ቀይ መስመሩ የቀረው ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ያሉ ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ማረሚያውን ማመን አያዋጣም።

አንድ ‹ኦ› ያለው «ሉዝ» (lose) ግስ ነው፤ ማጣት፣ መጣል፣ መሸነፍ ማለት ነው። ሁለት ‹ኦ› ያለው «ሉስ» (loose) ቅጽል ነው። የላላ ቡሎን፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ወገብ ላይ የሰፋ ሱሪ ሁሉ «ሉስ» ነው።

መንስኤው፦ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ራሱ ያሳስታል። «ኡ» የሚለው ድምፅ በሁለት ‹ኦ› እንደሚጻፍ ከ«ሙን» እና ከ«ስኩል» ተምረናል። መምረጥ ማለት የሆነው «ቹዝ» ደግሞ ሁለት ‹ኦ› ይዞ በ«ዝ» ያልቃል። ታዲያ «ሉዝ» ለምን በአንድ ይጻፋል? በአንድ ‹ኦ› የሚጻፉት «ኖዝ» እና «ሮዝ» እንኳ በ«ኦ» እንጂ በ«ኡ» አይነበቡም። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱትም ዘወትር የሚስቱት ቃል ስለሆነ ተማሪን በዚህ ማሸማቀቅ ተገቢ አይመስለኝም።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ጆሮዎን ይጠቀሙ። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በ‹ኤስ› ይጽፋል፤ የእኛ ፊደል ግን «ዝ»ን ከ«ስ» ለይቶ ያሳያል። ጣትዎን ጉሮሮዎ ላይ አድርገው የመጨረሻውን ድምፅ ጎተት ያድርጉት፤ በ«ዝ» ጉሮሮ ይነዝራል፣ በ«ስ» ጸጥ ይላል። ከነዘረ አንድ ‹ኦ› ይበቃል። ለተማሪዎች የምነግረው ሌላ ዘዴ ደግሞ ይህ ነው፦ «ላላ» ሲጻፍ ሁለት «ላ» አለው፣ «ሉስ»ም ሁለት ‹ኦ› አለው።

ሌላው ችግር ከእኛው ቋንቋ ይመጣል። «ቁልፌ ጠፋኝ» ስንል የጠፋው፣ የግሱም ባለቤት ቁልፉ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ባለቤት አድርጎ «አይ ሎስት ማይ ኪ» ይላል። በዚህ ቦታ «ሎስ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ «ሎስ» ግን ኪሳራ ወይም መጥፋት የሚል ስም እንጂ ግስ አይደለም። ላለፈ ነገር «ሎስት» ይጻፉ።

ዝርያዎቻቸውም እንዲሁ ናቸው። ተሸናፊው «ሉዘር» በአንድ ‹ኦ›፣ ይበልጥ የላላው «ሉሰር» በሁለት። ማላላት ሲፈልጉ ግሱ «ሉሰን» ነው።

ማመልከቻውን ከመላክዎ በፊት በሰነዱ መፈለጊያ ላይ ‹ኤል፣ ኦ፣ ኦ፣ ኤስ› ብለው ይፈልጉ። በተገኘበት ቦታ ሁሉ «ላላ» የሚል ሐሳብ ከሌለ አንዷን ‹ኦ› ያጥፉ።