ኮምፒውተር ሲበራ ሬዲዮ ለሚንጫጫባችሁ

ኮምፒውተሩን ስታበሩ ሬዲዮው ይንጫጫል? ወይስ የቴሌቪዥኑ ምስል በትንንሽ ካሬ እየተቆራረጠ ይቆማል? አዲስ አንቴና ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ረባሹን ዕቃ ለዩት። ብዙዎች ኮምፒውተሩን ይጠረጥራሉ፣ እኔ ግን ሁልጊዜ ከቻርጀሩ ነው የምጀምረው።

የዛሬ ቻርጀሮች ኤሌክትሪኩን በሰከንድ አሥር ሺዎች፣ አንዳንዶቹም መቶ ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚቀይሩት። ከዚህ የሚወጣው ረብሻ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት እጥፍ ድግግሞሽ እየተባዛ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከ530 እስከ 1700 ኪሎ ኸርዝ ያለውን መካከለኛ ሞገድ ያጥለቀልቀዋል፣ አጭር ሞገድም አይተርፍም። ደህና ቻርጀር ውስጡ ማጣሪያ አለው። በጣም ርካሽ የሆኑት ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ይኸው ማጣሪያ ነው።

ፍለጋው ቀላል ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ አድርጉና ጣቢያ የማይሰማበት ቁጥር ላይ አቁሙት። ከዚያ ወደ ሞኒተሩ፣ ወደ ራውተሩ፣ ወደ ቻርጀሩ፣ በየገመዱም ላይ አስጠጉት። ጩኸቱ የሚብስበትን ያዙ። ቀጥሎ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ቻርጀር ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሊረብሽ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ በባትሪ ብቻ አሠሩት፤ ጩኸቱ ጸጥ ካለ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ሁሉም ተነቅሎ ካልቆመ ግን ከሌላ ክፍል ወይም ከጎረቤት ስለሚመጣ ኮምፒውተራችሁን ተዉት።

ረባሹ ከታወቀ በኋላ ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀድሙ። ሬዲዮውን ሁለት ሦስት ሜትር አርቁት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ውስጡ ያለው አንቴና አቅጣጫ ስለሚመርጥ ሬዲዮውን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ጩኸቱ የሚደክምበት ጎን አይጠፋም። የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ከኮምፒውተር ገመዶች ጋር ተጠቅልሎ ከሄደ ለዩት፣ ጫፉም ላልቶ እንደሆነ አጥብቁት። የኮምፒውተሩን የብረት ክዳን ከፍታችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ ክደኑት፤ ክዳኑ ረብሻውን አፍኖ የሚይዝ ግድግዳ ነው።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ፌራይት የሚባለውን፣ በገመዱ የሚሄደውን ረብሻ የሚያፍን ቀለበት ግዙ። አንዳንድ የሞኒተር ገመድ ጫፍ ላይ የምታዩት ጥቁር እብጠት ውስጥ ያለው እሱ ነው፣ ተከፍቶ የሚገጠም ዓይነትም አለ። የሚገጠመው ለረባሹ ዕቃ ቅርብ በሆነው የገመዱ ጫፍ ላይ ነው። ገመዱን በቀዳዳው ውስጥ ሦስት ጊዜ ብታሳልፉት መከላከሉ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፣ ስለዚህ ቀዳዳው ሰፋ ያለውን ምረጡ። ሲዘጋ ግን ሁለቱ ግማሾች ግጥም ማለት አለባቸው።

ጩኸቱን ለማጥፋት ብላችሁ የሶኬቱን የመሬት መስመር በፍጹም እንዳትቆርጡ፣ እሱ ነፍስ ነው የሚያተርፈው። ቻርጀሩን ለመቀየር ከወሰናችሁም ቮልቱ ከድሮው ጋር እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም አንድ ዓይነት መሆኑን አይታችሁ ግዙ።