ማሊንዲ ልትሄዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ንፋሱንና የባህሩን መሙላት መጉደል ጠይቁ

ኬንያ ሄዶ ሞምባሳ ላይ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል፣ የባህር ዳር ከተማዋ ማሊንዲ እኮ ከዛ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ማታቱ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ይዞ መሄድ ነው።

መቼ ልሂድ ካላችሁ ጥርና የካቲት አሪፍ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው አይመከርም። ሌላም ነገር አለ፣ ሳባኪ የሚባለው ወንዝ ከከተማዋ ትንሽ ሰሜን ላይ ነው ባህር የሚገባው፣ ላይ አገር ዘንቦ ከሆነ ቀይ አፈር ይዞ ይመጣና ውሃው ማኪያቶ ይመስላል፣ ስለዚህ ፎቶ ላይ ያያችሁትን ሰማያዊ ባህር ስታጡ እንዳትደነግጡ።

የከተማዋ ታሪክም ያው የንፋስ ታሪክ ነው። ካስካዚ የሚሉት ንፋስ ከህዳር ጀምሮ ከሰሜን ምስራቅ ይነፍሳል፣ የአረብና የህንድ ነጋዴ በሱ ይመጣል፣ ከዛ ሚያዝያ አካባቢ ኩሲ ከደቡብ ሲነሳ በሱ ይመለሳል። ፖርቹጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማም እ.ኤ.አ በሚያዝያ 1498 ሞምባሳ ላይ ፊት ሲነሱት እዚህ መጣ፣ የማሊንዲው ንጉስ ተቀብሎ መንገድ የሚያውቅ መርከብ መሪ ሰጠው፣ ንፋሱ ልክ ዞሮለት ስለነበር በአንድ ወር ውስጥ የህንዷ ካሊኬት ደረሰ። (በ1541 ከነጠመንጃው ወደኛ አገር የመጣው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሱ ልጅ ነው።) ቫስኮ ያቆመው ሀውልት ባህሩ ዳር አለ፣ ጠጋ ብላችሁ ድንጋዩን እዩት፣ ኮራል ነው፣ ትንንሽ የባህር ፍጥረቶች የሚሰሩት ድንጋይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ከሱ ብዙም ሳይርቅ ደሞ የሳር ክዳን ያላት ትንሽዬ የፖርቹጋሎች ቤተክርስቲያን አለች፣ የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር በ1542 ወደ ህንድ ሲያልፍ እዚህ ቆሟል።

እኔ ግን ከሀውልቱ በላይ የምወደው አሳ የሚወርድበትን ቦታ ነው። ጀልባዎቹ ሲገቡ ሄዳችሁ ቁሙ፣ ንጉሩ የሚሉትን ረጅም ብርማ አሳ ጅራቱን ይዘው ሚዛን ላይ ሲሰቅሉት ውሃው ገና ይንጠባጠባል፣ ትልልቁን ነጋዴ ይወስዳል፣ ትንንሹን ማማ ካራንጋ የሚባሉት አሳ ጠብሰው የሚሸጡት እናቶች ይከራከሩበታል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ሰው ስራ ላይ ነው።

የባህር ፓርኩ እ.ኤ.አ በ1968 ነው የተከለለው፣ አፍሪካ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ደስ ባለው ሰአት ይሄድና ምንም ሳያይ ይመለሳል። ከታች መስታወት ባለው ጀልባ ኮራሉን በደንብ የምታዩት ባህሩ ሲጎድል ነው፣ ሰአቱ ደሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል፣ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ጀልባ ነጂውን "ነገ ውሃው ስንት ሰአት ነው ሚጎድለው" በሉት። ኮራል ላይ በፍፁም እንዳትቆሙ፣ ህይወት ያለው ነገር ነው፣ ከተሰበረ በቶሎ አይተካም።

ለጌዲ ግማሽ ቀን ያዙ፣ ወደ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጫካ የዋጠው የስዋሂሊ ከተማ፣ መስጊዱ ቤተ መንግስቱ ጉድጓዱ ሁሉ ፍርስራሹ አለ፣ የቻይና ሸክላ ሳይቀር ተቆፍሮ ወጥቶበታል፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባዶ ቀረ። በ2024 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ጠዋት ሂዱ፣ ዛፎቹ መሀል ፀጥ ሲል ነው ደስ የሚለው፣ ከሰአት ተመልሳችሁ ጀልባዎቹ ጋር ትደርሳላችሁ።