አምፕሊፋየርና ስፒከር ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

አምፕሊፋየሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ሠርቶ በጣም ይግልና ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይነሣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚጠረጥረው መብራቱን ወይም አምፕሊፋየሩን ነው፤ እኔ ግን አስቀድሞ የስፒከሮቹን ጀርባ ማየት ይሻላል እላለሁ። እያንዳንዳቸው 8 ኦም (ኦም ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው እገታ መለኪያ ነው) የሆኑ ሁለት ስፒከሮች ከአንድ ቻናል፣ ማለትም ከአንድ የአምፕሊፋየሩ የድምፅ መውጫ፣ ጋር በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ሲያያዙ በአምፕሊፋየሩ ላይ የሚያርፈው ጭነት 4 ኦም ይሆናል፤ አራት ሲሆኑ ደግሞ ወደ 2 ኦም ይወርዳል። ኦሙ ባነሰ ቁጥር የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ስለሚጨምር፣ ቢያንስ 4 ኦም እንዲሸከም የተሠራ መሣሪያ በ2 ኦም ላይ መጋሉ አይቀርም። በድንኳንና በአዳራሽ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት፣ ገመዱን ከአንዱ ሞንታርቦ ወደ ቀጣዩ እያሻገሩ መስመሩን ብቻ ያስረዘሙ መስሏቸው መቀጠል ነው፤ ይህ አያያዝ ግን ትይዩ ነው።

መፍትሔው አራቱን ለሁለት ቻናል ሁለት ሁለት አድርጎ ማከፋፈል ነው። ያለው ቻናል አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱን በተከታታይ (የአንዱን ኔጋቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር)፣ ሌሎቹንም ሁለት እንዲሁ አያይዞ ጥንዶቹን በትይዩ ማገናኘት ጭነቱን ወደ 8 ኦም ይመልሰዋል። ጥርጣሬ ካለ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው በቴስተር ይለኩ፦ ጤነኛ 8 ኦም ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ያነባል፤ ንባቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ በስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል (ኮይል) ወይም ገመዱ ሾርት አድርጓል።

ሌላው ምልክት የትዊተር፣ ማለትም ቀጫጭን ድምፆችን የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ደጋግሞ መቃጠል ነው። ትንሽ አምፕሊፋየር ትልቅ ስፒከርን አይጎዳም የሚለው እምነት ብዙ ሰው ለኪሳራ ስለዳረገ፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ሞገድ መሣሪያው ያለ ጉድለት ከሚሰጠው ኃይል እስከ እጥፍ የሚደርስ ሙቀት ሊፈጥር ይችላል፤ ከመቆረጡ የሚወለዱት ቀጫጭን ድምፆችም የሚሄዱት ጥቂት ዋት ብቻ ወደሚችለው ትዊተር ነው። ስለዚህ የአምፕሊፋየሩ ተከታታይ ኃይል፣ ማለትም በአር ኤም ኤስ የተጻፈው ዋት፣ በተመሳሳይ ኦም ሲነጻጸር ከስፒከሩ ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ትርፍ ግን ለድንገተኛ ከፍታ እንጂ ቮሊዩሙን እስከ ጫፍ ለመክፈት አይደለም፤ የሞገዱን መቆረጥ የሚያመለክተው የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ደጋግሞ ከበራ ወዲያውኑ ይቀንሱ። በካርቶኑ ላይ በፒ ኤም ፒ ኦ (ለቅጽበት ብቻ የሚባል የጫፍ ኃይል) ተጽፎ የሚታየውን ግዙፍ ቁጥር ለዚህ ስሌት አይጠቀሙበት።

ድምፁ ንጹሕ ሆኖ አዳራሹን ካልሞላስ? የዋት እጥፍ መጨመር የሚያስገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ስለሆነ፣ ትልቅ አምፕሊፋየር ከመግዛት በፊት ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይመልከቱ። 88 ዴሲቤል የሚሰጠው በ100 ዋት የሚያሰማውን ድምፅ፣ 98 የሚሰጠው በ10 ዋት ያሰማል።

ቤዙ ከሳስቶ ድምፁም ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል የሚመጣ ሳይመስል ከቀረ፣ ከስፒከሮቹ የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጧል፤ ማስተካከል ብቻ ነው። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ከሆነም ኃይል በመንገድ ይቀራል፦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ በ20 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ ግማሽ ኦም ገደማ ስለሚይዝ፣ ለ4 ኦም ጭነት 4 ካሬ ሚሊሜትር ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ትራንስፎርመር ያላቸው የ100 ቮልት ስፒከሮች ከተራ የ8 ኦም መውጫ ጋር ሲያያዙ ድምፃቸው እጅግ ይደክማል። እነዚህ የሚያያዙት 100 ቮልት ከተባለው መውጫ ጋር ሲሆን፣ የሚደመረውም ዋታቸው ነው፤ ባለ 120 ዋት አምፕሊፋየር ባለ 10 ዋት ስፒከሮችን አሥር ያህል ሳይጨናነቅ ይሸከማል። ተራ 8 ኦም ስፒከርን ግን በዚያ መውጫ ላይ ፈጽሞ አያስገቡ፤ 100 ቮልት በ8 ኦም ላይ በስሌት 1,250 ዋት ስለሚሆን፣ ወይ ስፒከሩ ይቃጠላል፣ ወይ አምፕሊፋየሩ ይጎዳል።