ሲወጣ ነው ሲወርድ? ያገለገለ ማንዋል ስፖርት ሴዳን በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ላይ

ያገለገለ ማንዋል ቢኤምደብሊው ገዝቶ በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው መካሪ አይጠፋም። «ዕቃ አይገኝለትም» ይሉታል፣ «ዳገት አይወድም» ይሉታል፣ «ለአስፋልት አገር የተሠራ ነው» ይሉታል። ከሦስቱ እውነትነት ያለው የመጀመሪያው ነው፤ እሱም በከፊል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ልዩነቱን የሚይዘው በአብዛኛው ሐረጎ የተባለው ዳገት ነው። በዚህ መንገድ መኪናው ጠዋት በብርድ ተነሥቶ ይወርዳል፣ ማታ ሞቆ ይወጣል። እናም የትኛውም ብልሽት ሲያጋጥም ኮፈን ከመክፈት በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ፦ ምልክቱ የታየው ሲወጣ ነው ሲወርድ? ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ከሞቀ በኋላ? ይህን ሳይጠይቅ መፍቻ የሚያነሣ መካኒክ ገንዘባችሁን በግምት ሊያወጣው ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ከ1998 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ኢ46 የተባለውን የቢኤምደብሊው ሞዴል ይመለከታል። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ (የክላቹ) ጉዳይ ግን ለቶዮታ አልቴዛም ለሱባሩም ይሠራል።

የሙቀት መርፌው ከመሃል ሲለቅ

ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ መርፌው ወደ ቀዝቃዛው ጎን ካዘነበለ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበት በር፣ ተከፍቶ ቀርቷል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ብዙም አይደክምም፣ ነፋሱ ግን ራዲያተሩን ይመታዋል። ጤነኛ ቴርሞስታት በዚህ ጊዜ ዘግቶ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ የተበላሸው ውሃውን ያለ እረፍት ወደ ራዲያተር ይሰዳል። ትርፉ ቤንዚን መብላትና በታኅሣሥ ጠዋት የማያሞቅ ማሞቂያ ነው። መለወጥ ብቻ ነው መፍትሔው። «አውጥታችሁ ጣሉት፣ ለአገራችን አያስፈልግም» የሚል ምክር ስትሰሙ ጋራዥ ቀይሩ።

ተቃራኒው ከባድ ነው። ኢ46 ላይ መርፌው እውነቱን ሁልጊዜ አይናገርም። ፋብሪካው ሆን ብሎ ከ75 እስከ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባለው ሙቀት ሁሉ መሃል ላይ እንዲቆም አድርጎታል። ሐረጎን ስትወጡ መርፌው ወደ ቀይ ከተነቃነቀ «ትንሽ ሞቀ» ብላችሁ አትለፉት፤ ችግሩ ከጀመረ ቆይቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዳር ይዛችሁ ቁሙ። አመቺ ቦታ እስክታገኙ ድረስ የካቢኑን ማሞቂያ በሙሉ ሙቀትና በሙሉ ነፋስ ክፈቱት፤ ላብ በላብ ብትሆኑም ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይወስዳል።

የራዲያተሩን ውሃ መሙያ ክዳን ግን በሙቁ እንዳትነኩት። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው በአብዛኛው ክዳኑ ግፊቱን ስለያዘው ነው። ሲላላ ያ ሁሉ ውሃ ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል።

ከቀዘቀዘ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ከራዲያተሩ አጠገብ ያለው የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ፕላስቲኩ ሲያረጅ በመጋጠሚያው በኩል ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ራሱ ባይታይም የደረቀ የውሃ መስመር ትቶ ያልፋል። ቀጥሎ የላይኛው ቱቦ አፍ፣ ከዚያ የውሃ ፓምፑ። ሦስቱም በአንድ ዘመን የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ከሄደ ሌሎቹም መንገድ ላይ ናቸው፤ አብሮ መቀየር ያዋጣል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ደግሞ ውስጡ ደለል ይዞ ሊሆን ይችላል። የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል አድርጉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን አሞላሉ ላይ ነው። አየር ከቀረበት አዲስ ፓምፕም አያድነውም። መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቀት፣ ነፋሱን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ከማጠራቀሚያው አጠገብ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላልታችሁ በቀስታ ሙሉ። በመጀመሪያ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ውሃ መፍሰስ ሲጀምር ዝጉ። ብሎኗ ፕላስቲክ ናት፤ በጉልበት ካጠበቃችኋት ትሰበራለች።

ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይፈጥንም

ሐረጎ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡ የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ለማረጋገጥ ሜዳ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ርገጡት። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ካልጨመሩ የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋል፣ ወይም ከሞተሩ የኋላ ጎሚኒ የሚፈስ ዘይት ነክቶታል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሲወርድ ዘይት ከታየ ጎሚኒውን ሳይቀይሩ አዲስ ዲስክ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ዲስኩ፣ እሱን የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታው አብረው ይቀየራሉ። ዲስኩ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት፣ ፍላይዊሉም፣ በእጅ ተወዝውዞ ይፈተሽ፤ ባለ ሁለት ክፍል ስለሆነ በዕድሜ ብዛት ይላላል።

ዲስክ የሚጨርሰው በአብዛኛው የእግር ልማድ ነው። የደሴ ዳገት ላይ ከባጃጅና ከሚኒባስ ኋላ ተሰልፎ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥሎ መያዝ የተለመደ ነው። የእጅ ፍሬኑ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ፔዳሉ ወለል ላይ ከቀረና ማርሽ እየተንኳኳ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዲስኩን አትወንጅሉ። በኢ46 ላይ ፍሪሲዮኑ ዘይቱን የሚወስደው ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ነው። እሱ ከጎደለ ከፔዳሉ በላይና ከካምቢዮው ጎን ያሉትን ሲሊንደሮች ፈትሹ፤ አንዱ እያፈሰሰ ነው።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ፍሬኑ ሰነፈ

እዚህ ላይ እግራችሁ የሚነግራችሁን አድምጡ። ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ፣ የመቃጠል ሽታም ከመጣ፣ ሸራው ከልክ በላይ ግሏል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ ይህኛው ይበልጥ አደገኛ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የተባለው ደረጃ ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይቋቋማል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ መኪናውን ስትገዙማ የሻጩን ቃል ሳትጠብቁ ወዲያው። ፍሬን ስትይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፍሬኑ ዲስኮች ወጥነታቸውን አጥተዋል።

ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ በሁለት በኩል ኪሳራ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር በማርሽ ሲወርድና እግር ከነዳጅ ሲነሣ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል፤ በዜሮ ግን ላለመጥፋት ሲል ያቃጥላል። ፍሬኑም ክብደቱን ብቻውን ይሸከማል። በሦስተኛ ማርሽ፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ባጭሩና ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ልቀቁ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍሱ።

መኪናው ሲደክም «ከፍታው ነው» ሲሏችሁ

ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 7 ወይም 8 ያህል ነው። ታች ደህና የነበረ መኪና ላይ ሲደርስ ከሞተ፣ ወይም ከባለፈው ወር ይልቅ ዛሬ ከደከመ፣ ከፍታው ንጹሕ ነው። ኢ46 ላይ ከአየር መለኪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈልጉ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ እጥፋቶቹን በጣት ከፈት ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ስንጥቁ እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። አብሮት ጠዋት የሞተር መንቀጥቀጥና የሞተር መብራት ይመጣሉ። ቱቦው ደህና ከሆነ አየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ ቤንዚን ማጣሪያ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ሲል

ሲሞቅ የሚስተካከል ከሆነ መጀመሪያ ዘይቱን ጠርጥሩ። ካምቢዮው ጎን ላይ የተለጠፈው ምልክት የዘይቱን ዓይነት ይናገራል፤ አንዳንዱ ቀጭን የአውቶማቲክ ዘይት ነው የሚፈልገው። ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ከተሞላበት በደሴ ብርድ ይረጋል።

ከሥር የሚሰማ ድምፅ

ኮብልስቶን ላይ ከፊት የሚንኳኳው በአብዛኛው የመቆጣጠሪያ ክንዱ ጎሚኒ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ከተቀየረ በኋላ ግን አላይመንት ይሠራ። ከኋላ ፍሪሲዮን ስትለቁ ድው የሚል ድምፅ ከመጣ መኪናውን ከመሬት ከፍ አስደርጉና ከሥር እዩ። ኢ46 የኋላ እግሮቹን የሚሸከመውን ብረት ከወለሉ ጋር የሚያያይዝበት ቦታ ላይ ወለሉ ይሰነጠቃል፤ ሳይገዙ የሚታይ ነገር ነው። ባለ 17 ቼርኬውን አውርዳችሁ 195/65 አር 15 ወይም 205/55 አር 16 ጎማ ግጠሙ፤ ሁለቱም ለብዙዎቹ ኢ46 የፋብሪካው ልክ ናቸው፣ ለጉድጓድም ይታገሣሉ። የሞተሩን የሥር መከለያ ያወለቀ ሰው ከሸጠላችሁ ኮፓው (ከሥር ያለው የሞተር ዘይት መያዣ) ላይ ጭረት ፈልጉ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ያላችሁ ዘመድ «የቢኤም ቴርሞስታት» ብሎ ቢጠይቅ የማይገጥም ነገር ይዞ ይመጣል። የሻንሲ ቁጥሩን የመጨረሻ ሰባት ፊደላትና አኃዞች ላኩለት፤ ትክክለኛው የዕቃ ቁጥር የሚገኘው በእነሱ ነው። አሮጌው ዕቃ ከተፈታም ቁጥሩ የተጻፈበትን ጎን ፎቶ አንሥታችሁ ጨምሩበት።